ታብሌቱ ተበላሽቷል፤ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ታብሌቱ ሲበላሽበት ከሥራ ሲወጣ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ጎራ ይላል። ጠጋኙ «ዕቃው የለኝም» ካለው አጠገቡ ያለውን ይሞክራል። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ያለ ሰው ግን እንዲህ አይቀናውም። ከተማው ውስጥ ያለው ጠጋኝ ስልክ በመጠገን የተካነ ቢሆንም የታብሌት መለዋወጫ እምብዛም አያስቀምጥም። ስለዚህ ዕቃው ከደብረ ታቦር፣ ካልሆነም ከባሕር ዳር ወይም ከመርካቶ መምጣት አለበት። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ብቻ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወገዳ የሚነሣ ሰው ደግሞ ገና ደብረ ታቦር ለመድረስ ግማሽ ቀኑን መንገድ ላይ ያሳልፋል። ከስማዳና ከታች ጋይንት ቆላ፣ ከበሽሎ ወዲህ ካሉት ቀበሌዎች የሚመጣማ መጀመሪያ በእግሩ ወይም በበቅሎ መኪና ወዳለበት መውጣት ይጠበቅበታል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ብልሽቱን ሳያውቁ ከመሳፈር ነው። ገመድ በመቀየር ብቻ ለሚድን ታብሌት ሁለት ቀን የሚባክነውም፣ ጨርሶ ለማይድነው የጥገና ገንዘብ የሚከፈለውም በዚህ የተነሣ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ከሠሩ ውሳኔው ቤትዎ ውስጥ ያልቃል፤ መኪና ላይ የሚወጡት ምን እንደሚያስጠግኑ ወይም ምን እንደሚገዙ አውቀው ነው።

መጀመሪያ፦ የማን ነው?

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑና ታብሌቱን የሰጠዎ መሥሪያ ቤቱ ከሆነ፣ ልጠግነው ወይስ ልቀይረው የሚለው ውሳኔ የእርስዎ አይደለም። ጤና ኬላ ላይ የቤተሰብ መረጃ የሚመዘገብበት ኢቺስ የተባለው ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበት ሁሉ እየሠራ መረጃውን ታብሌቱ ላይ ያቆያል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ማእከል ይልካል። ያልተላከ መረጃ ያለበትን ታብሌት የሰፈር ጠጋኝ «ፍላሽ ላድርገው» ብሎ ከደመሰሰው የወራት ልፋት አብሮ ይጠፋል፤ ቤት ለቤት የተመዘገቡት እናቶችና ሕፃናትም እንደገና ሊመዘገቡ ነው። ታብሌቱ ትንሽም ቢሆን የሚበራ ከሆነ ኔትወርክ ወዳለበት ይዘውት ይውጡና መረጃውን ይላኩ። ከዚያ ብልሽቱን፣ ቀኑንና የታብሌቱን መለያ ቁጥር ጽፈው ለወረዳው ያስገቡና ግልባጩን እርስዎ ጋ ያስቀሩ። በራስዎ ገንዘብ አስከፍተውት ቢበላሽ ንብረት ክፍሉ የሚጠይቀው እርስዎን ነው።

ታብሌቱ የግልዎ ከሆነ ንባብዎን ይቀጥሉ።

ሁለተኛ፦ ውስጡ ያለውን ያውጡ

ይህ ከምርመራውም ይቀድማል፤ ዛሬ እየበራ የሚጠፋ ታብሌት ነገ ጨርሶ ላይበራ ይችላል። ታብሌቱን ሌላ ታብሌት ይተካዋል። ውስጡ ያለው ግን የማይተካ ሊሆን ይችላል። ጋይንት የቤተልሔምና የዙር አምባ አገር ነው፤ አንደኛው የድጓ፣ ሌላው የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ። የመምህሩን ዜማ በታብሌት ቀድቶ የያዘ ደቀ መዝሙር ያንን ድምፅ በገንዘብ አያገኘውም። የሟች ዘመድ ፎቶ፣ የመሬት ደብተር ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃም እንዲሁ ነው።

በዚህ አካባቢ በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ ቅጂን ብቻ ማመን አይበቃም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ የቆየበት ጊዜ ይህን ለሁላችንም አሳይቶናል። ሚሞሪ ካርድ ያስገቡና ይገልብጡበት፤ ታብሌቱ የካርድ ቦታ ከሌለው ኦቲጂ የምትባለውን አጭር መሸጋገሪያ ገዝተው ፍላሽ ይሰኩበት። በጣት የሚነካው መስታወት አልሰማ ካለ በዚያችው ኦቲጂ የኮምፒውተር ማውዝ ቢሰኩ በአብዛኞቹ ታብሌቶች ላይ ቀስት ብቅ ይላል፤ በእርሱ እየተጫኑ ፋይሎቹን ማውጣት ይቻላል። ይህን የማያውቅ ሰው መስታወቱ ስለተሰበረ ብቻ መረጃውን እንዳጣው ይቈጥረዋል።

አሁኑኑ መደረግ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ታብሌቱ ላይ የገባውን የጂሜይል አድራሻና የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ብዙ ሰው ታብሌቱን ሲገዛ ባለሱቁ ጂሜይል ይከፍትለታል፤ ባለቤቱ አድራሻውን አይቶት አያውቅም። አንድሮይድ ታብሌት ከሴቲንግ ውጭ ተገድዶ ሲደመሰስ ተመልሶ ሲነሣ የሚጠይቀው የቀድሞውን ጂሜይል ነው፤ ያንን የማያውቅ ሰው ደህና ታብሌት ይዞ በሩ ላይ ይቀራል። ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ አይፓድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል፦ የላከችው እህትዎ የአፕል መለያዋን ከላዩ ላይ ካላነሣች ማንም ጠጋኝ በቅንነት ሊከፍተው አይችልም። ደውለው ይጠይቋት፤ ካለችበት ሆና በኢንተርኔት ልታነሣው ትችላለች።

ሦስተኛ፦ በሽታውን ቤትዎ ይለዩ

ቻርጅ አልወስድ ወይም አልበራ ካለ ከታብሌቱ በፊት ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። የቻርጀሩ ራስ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የወጪው መጠን ተጽፏል፤ ለታብሌት 5 ቮልት፣ 2 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባል። የድሮ ስልክ ቻርጀር ግማሽ ወይም አንድ አምፔር ብቻ ይሰጣል። የታብሌት ባትሪ በአብዛኛው ከ5,000 እስከ 8,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ አምፔር በሚሰጥ የሶላር መብራት መሰኪያ 6,000ውን ለመሙላት በሒሳብ ብቻ 12 ሰዓት ይፈጃል፤ በተግባር ከዚያም ያልፋል። እየሞላ ስክሪኑ ከበራማ የሚገባው ከሚወጣው ያንሳል፤ መቶኛውም ወደ ታች ይወርዳል። በሶላር ለሚጠቀም ቤት «ታብሌቱ ቻርጅ አይዝም» የሚለው ቅሬታ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ በሚገባ የሚሠራ ገመድም ራስም ከሰው ይዋሱና አጥፍተው ይሰኩት። ባዶውን ለወራት የቆየ ባትሪ ከሆነ በአንድ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ሌሊቱን ተሰክቶ ይደር።

ቀጥሎ መሰኪያውን ይዩ። ታብሌቱን አጥፍተው በእጅ ባትሪ ብርሃን ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይመልከቱ። ከረጢት ውስጥ ከልብስ ጋር የሚዞር ታብሌት መሰኪያው በጨርቅ ብናኝና በአቧራ ተጠቅጥቆ ገመዱ እስከ መጨረሻው አይገባም። በቀጭን የእንጨት ስንጥር ቀስ አድርገው ያውጡት፤ መርፌም ሽቦም አይንካው። ገመዱ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም አንድ ወገን ሲጫኑት ብቻ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ መሰኪያው ተነቅሏል። ይህ ጥሩ ዜና ነው። መሰኪያ መቀየር ትንሽ ዕቃና የሰለጠነ የብየዳ እጅ ይፈልጋል፤ ነፋስ መውጫም መካነ ኢየሱስም ሊሠራ ይችላል።

አሁንም ካልበራ የማብሪያውን ቁልፍ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሳይለቁ ይያዙት፤ ካልሆነ ከድምፅ መቀነሻው ጋር አብረው ይያዙ። ሶፍትዌሩ ተንጠልጥሎ የሞተ የሚመስል ታብሌት በዚህ ይነሣል። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ድምፅ ካሰማ ወይም ከነዘረ ታብሌቱ ሕያው ነው፤ የታመመው ስክሪኑ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በሰያፍ ያብሩበት፤ ደብዛዛ ምስል ከታየዎ ምስሉ አለ፣ የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። ለጠጋኙ ይህን መንገር ከብዙ ፍለጋ ያድነዋል፤ እርስዎንም ሙሉ ስክሪን ግዛ ከመባል ይጠብቅዎታል።

ባትሪው ከአርባ ከመቶ በድንገት ወደ ዜሮ የሚወድቅ ከሆነ አርጅቷል። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ የመያዝ አቅሙ መቀነሱ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት በየቀኑ የሠራ ታብሌት እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ይሁንና ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት ብርዱን ያስቡ። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጉና ዙሪያ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ሊቲየም ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጠዋት ቶሎ የሚጠፋ፣ ከሰዓት ግን ደህና የሚቆይ ታብሌት ባትሪው ላይታመም ይችላል። ማታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ያስገቡት፤ ውርጭ ላይ ያደረውን ሳይሞቅ ቻርጅ አይሰኩበት። ለማሞቅ ብሎ ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ደግሞ ባትሪውን ይገድለዋል።

ጀርባው ካበጠ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሣ ምርመራው እዚያው ይቁም። ያበጠ ባትሪ ሊነድ ይችላል። ያጥፉት፤ ቻርጅ አያድርጉት፤ አይጫኑት፤ አይብሱት፤ ልጆችና እሳት ከማይደርሱበት ቦታ፣ ድንጋይ ወይም ሸክላ ላይ ያኑሩት። በሰው በተጨናነቀ መኪና ውስጥ ቦርሳ ሥር ታጭቆ እንዲሄድም አይፍቀዱ። ከተቻለ አንድ ጠጋኝ መጀመሪያ ባትሪውን ነቅሎ ያውጣው።

ስክሪን ሲሰበር ሁለት ነገር ይለዩ፦ ላይኛው መስታወት «ታች» ይባላል፤ ከሥሩ ምስሉን የሚያወጣው ኤልሲዲ ነው። ፊቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቆ ምስሉ ግን ንጹሕ ከሆነ የተሰበረው ታቹ ብቻ ነው። ጥቁር ጉድፍ፣ የቀለም መስመር ወይም እየሰፋ የሚሄድ ጨለማ ካለ ኤልሲዲውም ሄዷል። ርካሽ በሆኑት ታብሌቶች ሁለቱ ለየብቻ ይሸጣሉ፤ በውዶቹና በቀጫጭኖቹ ግን ተጣብቀው ስለሚመጡ አንዱ ሲሰበር ሁለቱንም መክፈል ነው። ታቹ በከፊል ብቻ የማይሰማ ከሆነ አንድ አፕ ምልክት በጣትዎ ይዘው ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ይጐትቱ፤ ምልክቱ ከጣትዎ የሚያመልጥበት ቦታ የሞተው ነው። ማንም ሳይነካው ራሱ የሚጫን ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ያኔ ካቆመ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የመብራቱ ነው፤ ስክሪን አይግዙ።

ከተንቀራፈፈና ሃንግ ካደረገ ከጥገናው በፊት ማጠራቀሚያውን ይዩ። ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ የሚለው ላይ 16 ጊጋባይቱ ሞልቶ 200 ሜጋባይት ቀርቶ ከሆነ ያለበት በሽታ ጥጋብ ነው። ከቴሌግራም የወረዱ ቪዲዮዎች ብቻቸውን ይህን ያህል ያደርሳሉ። ቢያንስ አንድ አሥረኛው ባዶ እስኪሆን ያራግፉ። ከዚያም ካልተሻለው በሴፍ ሞድ፣ ማለትም የጫኗቸው አፖች በማይሠሩበት ሁኔታ፣ ያስነሡት፤ የማጥፊያው ምልክት ሲመጣ ረዘም አድርገው መጫን በብዙዎቹ ላይ ወደዚያ ያስገባል። በሴፍ ሞድ ከፈጠነ አንድ የጫኑት አፕ ነው የያዘው። በመጨረሻ፣ ያውም መረጃው ከወጣና ጂሜይሉ ከታወቀ በኋላ፣ ሙሉ ሪሴት ያድርጉ። ከሪሴት በኋላም ገና ባዶውን እየተንቀራፈፈ ከሆነ ወይም ዓርማው ላይ ተተክሎ ከቀረ ውስጣዊው ማጠራቀሚያ እያለቀ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የቦርድ ጉዳይ ነው።

ውኃ የገባበት ታብሌት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ያጥፉት፤ «ይሠራ ይሆን?» ብለው አያብሩት፤ ቻርጅ ፈጽሞ አይሰኩ። ሲሙን ያውጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ሩዝ ውስጥ መቅበር ያን ያህል ጥቅም የለውም። ጤፍ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጉዳት ነው፤ ፍሬዋ ደቃቅ ስለሆነች መሰኪያውና ድምፅ ማውጫው ውስጥ ገብታ ትቀራለች። ፀሐይና ምድጃም አያስጠጉት። ከደረቀ በኋላ ቢሠራም እንኳ ውስጡ ቀስ እያለ ሊዝግ ይችላል፤ መረጃውን በዚያው ቀን ያውጡ።

አራተኛ፦ ዕድሜው ስንት ቀርቶታል?

ብዙ ሰው ውሳኔውን የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ ያማረ ታብሌት በውስጡ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ታብሌቱ» ከሚለው የአንድሮይዱን ቁጥር ያንብቡ። ዋትስአፕ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች አይሠራም፤ የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎችም ከጊዜ ወደ ጊዜ አዲስ አንድሮይድ ይጠይቃሉ። ከዘመድ የሚላኩ አሮጌ አይፓዶችም እንዲሁ ናቸው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ ኤር ከአይኦኤስ 12 አያልፍም፤ ብዙ አፖች አይወርዱለትም። እንዲህ ያለውን ታብሌት ባትሪና ስክሪን ቢያድሱለት ያው ያረጀ ታብሌት ነው።

ግን ለምን ሥራ? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጅዎ የትምህርት ሚኒስቴርን መጻሕፍት በፒዲኤፍ ለማንበብ ብቻ ከሆነ የሚጠቀምበት፣ የአንድሮይዱ ማርጀት ምንም አያጎድልበትም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመው መጽሐፍ ላልደረሰው ልጅ ያቺ አሮጌ ታብሌት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ናት፤ እኔ ብሆን መሰኪያዋን ያለ ምንም ማመንታት አስጠግናታለሁ። ዜማ ለመስማት፣ ለማንበብ፣ ፎቶ ለማየት የሚሆን ታብሌት ከኢንተርኔት ጋር እሽቅድድም የለውም። ገንዘብ ለማስተላለፍ፣ ለሥራ፣ በቪዲዮ ለመደወል ከሆነ ግን የሶፍትዌሩ ዕድሜ ከመስታወቱ ይበልጥ ይመዝናል።

አምስተኛ፦ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ያስቀምጡ

የተለመደው መመዘኛ ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ከበለጠ ተወው የሚል ነው። ለከተማ ይበቃል። ለእኛ አገር ሁለት ነገር ይጎድለዋል፦ መንገዱና የቀረው ዕድሜ። እንዲህ ያስሉት። የዕቃውን ዋጋ፣ የእጅ ዋጋውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን፣ ከሥራ የቀሩበትንም ቀን ይደምሩ። ድምሩን ታብሌቱ ከተጠገነ በኋላ ይሠራል ብለው በሚያምኑት ዓመት ያካፍሉ። የአዲሱንም ዋጋ ይሠራል በሚባልበት ዓመት ያካፍሉ።

ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፦ ዕቃው 4,000 ብር፣ እጅ 800፣ ትራንስፖርት 1,200፣ ማደሪያና ምግብ 1,000 ቢሆን ድምሩ 7,000 ነው። ተመሳሳይ አዲስ ታብሌት 20,000 ብር ሆኖ አራት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 5,000 ብር ይመጣል። የተጠገነው ሁለት ዓመት ከሠራ በዓመት 3,500 ነው፤ ይጠገን። አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ 7,000 ነው፤ ይቀየር። ለሌላ ጉዳይ ባሕር ዳር የሚሄድ የሚታመን ዘመድ ካለና ይዞልዎት ከሄደ መንገዱና ማደሪያው ከሒሳቡ ይወጣሉ፤ ድምሩ 4,800 ይሆንና ለአንድ ዓመትም እንኳ ጥገናው ያሸንፋል። እንዲህ ሲሆን ዘመድ መጠበቅ ገንዘብ ነው።

ሌላ የሚታሰብ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ታብሌትም መለዋወጫም ከውጭ ስለሚመጡ ዋጋቸው አብሮ ሲሄድ የጠጋኙ የእጅ ዋጋ ግን እንደዚያ አልሮጠም። ስለዚህ እጅ የሚበዛበት ጥገና፣ ማለትም መሰኪያ፣ ቁልፍና ሶፍትዌር፣ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ያዋጣል። ዕቃ የሚበዛበት፣ በተለይ ከታች ጋር የተጣበቀ ኤልሲዲ፣ ሁለቴ ይታሰብበት። ውኃ የገባው ቦርድ ላይ ገንዘብ ማውጣትን ግን አልመክርም፤ ዛሬ ተሠርቶ በወሩ የሚመለስ ነው።

ስድስተኛ፦ ከመሳፈርዎ በፊት ዕቃውን ያግኙ

ስም የሌላቸው የቻይና ታብሌቶች ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ስም መለዋወጫ ለመፈለግ አይረዳም። አንድ ስም በብዙ ዓይነት ዕቃ ላይ ይለጠፋል። ጠጋኞች የሚፈልጉት ታቹን ከቦርዱ ጋር በሚያገናኘው ቀጭን፣ ብዙ ጊዜ ቡናማ፣ ጥብጣብ ገመድ ላይ የታተመውን የፊደልና የቁጥር ኮድ ነው። ስለዚህ በከተማዎ ያለው ጠጋኝ ታብሌቱን ይክፈተው፤ ኮዱን፣ የባትሪውን ጽሑፍና መጠን፣ የመሰኪያውን ቅርጽ በስልክዎ አጥርተው ያንሡ። ፎቶውን በቴሌግራም ለባሕር ዳር ወይም ለመርካቶ ሻጭ ይላኩና «አለ?» «ስንት?» «ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» ብለው ይጠይቁ። ዕቃው ካለ አስልከው እዚያው ከተማዎ ማስገጠም ይችላሉ፤ ጉዞው ይቀራል። ለመክፈቻው ጥቂት ብር መክፈል ከአንድ የከንቱ መንገድ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ጠጋኙ ጋ ሲቀርቡ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት እንዲህ ይጠይቁት፦ «ወንድሜ፣ ካልተሠራ ስንት ነው የምከፍለው? የወጣውን ዕቃ ትመልስልኛለህ? ለስንት ቀን ዋስትና ትሰጠኛለህ?» የድሮውን ባትሪ ወይም ስክሪን ማየት መለወጡን ማረጋገጫ ነው። ሚሞሪ ካርዱንና ሲሙን አውጥተው ያስቀሩ። የስክሪን መክፈቻውን ከጠየቀዎ ለመሞከር ያስፈልገዋል፤ የባንክ መተግበሪያዎን ግን አስቀድመው ያጥፉ። ሲረከቡ እዚያው ሆነው ቻርጁን፣ ታቹን ከዳር እስከ ዳር፣ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ሲሙን ይሞክሩ። ወገዳ ደርሰው የሚያገኙት ጉድለት ሌላ ጉዞ ነው።

ዋስትናው ያላለቀ ታብሌት ከሆነ ማንም እንዲከፍተው አይፍቀዱ፤ ከተከፈተ ሻጩ ዋስትናውን ይክዳል። በቅርብ ከተገዛ ደግሞ ሕግ ከጎንዎ ነው፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ ከሌለ ግን መብቱን ማስረዳት ይከብዳል።

ሰባተኛ፦ መቀየር ከሆነ

አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን ሲም አስገብተው ይደውሉበት፣ ኢንተርኔትም ይክፈቱበት። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ታብሌቶች በዋይፋይ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ስማዳ ላይ ሁልጊዜ የሌላ ስልክ ሆትስፖት ሊለምኑ ነው። የአንድሮይዱን ቁጥር ያንብቡ፤ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሳይሆን ሴቲንግ ውስጥ የሚታየው ይታመናል። ራሙ ከ3 ጊጋባይት፣ ማጠራቀሚያው ከ32 ባይወርድ ይሻላል። ሲም የሚገባበት ከሆነ *#06# ሲደውሉ የሚመጣው ቁጥር ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል። ያገለገለ ሲገዙ ሻጩ ፊትዎ ላይ ጂሜይሉን አውጥቶ ሪሴት ያድርገው፤ የእርስዎን አስገብተው እስኪነሣ ከቦታው አይንቀሳቀሱ።

ስሙ የታወቀ፣ በየከተማው የሚሸጥ ዓይነት ይምረጡ። እንደ ቴክኖና ሳምሰንግ ያሉት ጠጋኝ እጁ የለመዳቸው፣ ዕቃቸውም የሚገኝ ናቸው። በሺህ ብር የረከሰ ስም የለሽ ታብሌት ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ ዕቃው በአገር የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት አዲሱን በስታቢላይዘር ወይም ደህና በሆነ ዲቫይደር ይሰኩ፤ መብራት ሲጠፋ ይንቀሉት፤ ተመልሶ ከመጣም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። የሚያቃጥለው ሲመለስ የሚመጣው ጉልበት ነው።

አሮጌውን አይጣሉት። በተመሳሳይ ዓይነት ታብሌት ላይ ስክሪኑ፣ ካሜራው፣ ድምፅ ማውጫው ይገጠማል፤ የከተማዎ ጠጋኝ ለመለዋወጫ ሊገዛዎት ይችላል፤ ካልሆነም ለሚቀጥለው ጥገና የእጅ ዋጋ ይቀንስልዎታል። ሊሰጡት ሲሉ ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ፤ የሚበራ ከሆነ ጂሜይሉን አንሥተው ይደምስሱት፤ የማይበራ ከሆነ ደግሞ በሌላ ስልክ ወደ ጂሜይልዎ ገብተው ያንን ታብሌት ከዝርዝሩ ያስወጡና የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ከቤት ቆሻሻ ጋር አቃጥላለሁ አይበሉ፤ ጠጋኙ ለይቶ እንዲያስቀምጠው ይስጡት።